ልጆቼ ሌሊቱን ያመሻሉ፣ ትምህርት ሊጀመር ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 13 ዓመቷ ነው፤ የ6ኛ ክፍልን ፈተና አልፋ 7ኛ ትገባለች። ወንዱ 7 ዓመቱ ነው። ሠፈራችን ካለው ኬጂ ወጥቶ በሰርቪስ ወደሚኬድበት ትልቅ የግል ትምህርት ቤት 1ኛ ክፍል ይጀምራል። ክረምቱን ሙሉ ከእናቴ ጋር ቤት ነበሩ። ልጅቷ ስልኳን ይዛ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ታመሻለች፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል በፊት አትነሳም። ትንሹም ከእሷ ጋር ያመሻል። የትምህርት ቤት ነገር ሲነሳ ደግሞ ‹ሆዴን› ይላል። ባለቤቴ ‹በዓሉ ይለፍ፣ ይስተካከላሉ› ይለኛል። እኔ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሬ በጊዜ ላስተኛቸው፣ ስልኩንም ጭራሽ ልቀማት አስቤያለሁ። ጎረቤቴ ለእንቅልፍ የሚሆን ሽሮፕና ለአእምሮ የሚሆን ቫይታሚን ጠቁማኛለች። አስጠኚም ልቀጥር ነው። የደብተሩ፣ የቦርሳው፣ የበዓሉ ወጪ አለ፤ ልበደር ሁሉ ነው። የቱን ላስቀድም?» እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ከጀመሩ አይደርሱም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ልጅዎ አሁን የምትነሳው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ትምህርት ሲጀመር 12 ሰዓት ከሩብ ላይ መነሳት ይኖርባታል እንበል። በመካከሉ ከአራት ሰዓት በላይ አለ። ሰውነት እንቅልፉን ማስቀደም የሚችለው ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ ነው። በቀን 15 ደቂቃ ብናስቀድም 17 ቀን ይፈጃል። ነሐሴ 19 ቢጀመር ጳጉሜን 5 ላይ ያልቃል ማለት ነው። በዓሉ እስኪያልፍ ከጠበቁ ግን የቀረዎት ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ባለቤትዎ «ይስተካከላሉ» ማለታቸው ስህተት አይደለም። ይስተካከላሉ። ችግሩ የሚስተካከሉት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ እያንጎላጁ መሆኑ ነው። ለበዓል ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አስተናግደው ከሆነ ነገሩን ያውቁታል። ሌሊት ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል፣ ቀን ሶፋ ላይ ይወድቃል። ልጅዎ ከቤት ሳትወጣ ያለችው እዚያ ሁኔታ ላይ ነው። አዲስ መምህር፣ አዲስ ትምህርት፣ አዲስ ጓደኛ የምታገኝበትን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት በዚህ ሁኔታ እንድታሳልፈው አልመክርም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላርም። የልጅቷ ማምሸት ስንፍና ወይም ጥጋብ ብቻ አይደለም። ልጆች ወደ ጉርምስና ሲገቡ ሰውነታቸው እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን የሚያመነጭበት ሰዓት ይዘገያል። በ9 ዓመቷ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ትወድቅ የነበረች ልጅ በ13 ዓመቷ 4 ሰዓት ላይም እንቅልፍ አልመጣም ብትል እውነቷን ነው። ስልኩ የሚያደርገው ይህንን የዘገየ ሰዓት ይበልጥ መግፋት ነው። የክረምት ዕረፍቱ ደግሞ የሚያስቆመው ነገር ያሳጣዋል። ስለዚህ «ድሮ እኮ እንዲህ አልነበርሽም» የሚለው ወቀሳ ምንም አይፈይድም።

ስንት ሰዓት መተኛት አለባቸው? ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ወደ እርስዎ ቤት ስናመጣው፣ ትንሹ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ከሆነ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝቶ መገኘት አለበት። ልጅቷ 3 ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ 4 ሰዓት። «ወደ አልጋ መሄድ» አላልኩም። ተኝቶ መገኘት ነው ያልኩት። በሁለቱ መካከል ጥርስ፣ ሽንት ቤት፣ ውሃ ጠማኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ የሚባል ግማሽ ሰዓት አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አብዛኛው ወላጅ የሚጀምረው ከማስተኛት ነው፤ እርስዎም እንደዚያው አስበዋል። ከመቀስቀስ ይጀምሩ። ልጅን መቀስቀስ ይቻላል፣ በግድ ማስተኛት ግን አይቻልም። እስከ 7 ሰዓት ያመሸችን ልጅ 3 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ቢከቷት አራት ሰዓት ሙሉ ጣሪያ ስታይ ትቆያለች። ትበሳጫለች፣ እርስዎም ይበሳጫሉ፣ በሦስተኛው ቀን ነገሩ ይተዋል። መነሻዋን በየቀኑ 15 ደቂቃ ካስቀደሙ ግን ድካሙ ራሱ ማታ ይጠራታል። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ትነጫነጫለች። ይጠብቁት።

ከተነሳች በኋላ ደጅ ትውጣ። 20 ደቂቃ ይበቃታል። ዳቦ ትግዛ፣ አበባውን ታጠጣ፣ ከአያቷ ጋር በረንዳ ላይ ትቀመጥ፤ የምትሠራው ነገር ለውጥ አያመጣም። የሰውነትን ሰዓት በዋናነት የሚያስተካክለው በዓይን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ነው። ክረምት ነው፣ ፀሐይ የለም አይበሉ። ደመናማ ሰማይ እንኳ ሳሎን ካለው አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ረገድ እንዲያውም ዕድለኞች ነን። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነ ልጆቻችንን የምንቀሰቅሰው ከንጋቱ ጋር ነው። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በታኅሣሥ በድቅድቅ ጨለማ ነው ልጅ የሚያለብሱት።

ቅዳሜና እሑድም ያው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ጨምራ ብትተኛ አይከፋም። ሦስት ሰዓት ከጨመረች ግን የሳምንቱ ልፋት ይፈርሳል። ቀን እንቅልፍ ካሸነፋት ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። በበዓሉ ዋዜማ ችቦው፣ ዘፈኑ አለ፤ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር «አበባየሆሽ» ልትል ትወጣለች። ታምሽ። አንድ ምሽት ምንም አያበላሽም፣ በማግስቱ የመነሻ ሰዓቷ እስካልተነካ ድረስ።

እዚህ ላይ እናትዎ ወሳኝ ናቸው። ቀን ቤት ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ልጅ ተኝቶ ሲያዩ ደግሞ አንጀታቸው አይችልም። «ተዪያት፣ ትረፍ፣ የትምህርት ጊዜ አይደል» ይላሉ። ትእዛዝ አይስጧቸው፣ ሥራ ይስጧቸው። «እማዬ፣ ጠዋት ደጅ ይዘሻት የምትወጪው አንቺ ነሽ» ቢሏቸው ይሻላል። የቡናውንም ነገር በዚያው ያንሱ። ከሰዓት በኋላ በሚፈላ ቡና «በረካው ለልጆቹ» የሚባል ነገር ካለ ይቅር። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ሻይና ኮካም አለበት። ከ9 ሰዓት በኋላ ለልጆቹ ሦስቱም ይቁሙ።

አንድ እውነት ደግሞ ልጨምር። ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ልጆቹ የሚተኙት ሳሎን ፍራሽ ላይ ነው፣ እዚያው ቴሌቪዥኑ እስከ 5 ሰዓት ይጮኻል። እንዲህ ባለ ቤት ልጁን መቆጣት ፍትሕ አይደለም። የቤቱ ማምሻ ሰዓት ራሱ መቀየር አለበት። ቴሌቪዥኑ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይጠፋል፣ ወይም ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ይሆናል፣ ትልቁ መብራት ጠፍቶ ትንሹ ይበራል። እራትም ከ3 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይምጣ። ከሥራ አምሽቶ የሚገባ አባት ወይም እናት ካለ ልጆቹ ይቅደሙ። አብሮ መብላቱ ለቅዳሜና እሑድ ይቆይ። ደስ እንደማይል አውቃለሁ።

ስልኩን ጭራሽ አይቀሟት። ቅሚያው ትምህርት በሚጀመርበት ሳምንት ከመጣ የምታስታውሰው ቅጣቱን ብቻ ነው፤ ተደብቃም ትጠቀማለች። በዚያ ላይ በብዙ ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራና ማስታወቂያ የሚላከው በቴሌግራም ነው። በሦስተኛው ቀን መልሰው ሊሰጧት ነው፣ ያኔ ቃልዎ ይረክሳል። መቀማት ያለበት የስልኩ ቦታ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ ሁሉ አንድ ቦታ፣ ከመኝታ ውጭ፣ ቻርጅ ላይ ይሰካል። የአባትም የእናትም። «ለማንቂያ ነው የያዝኩት» ካለች ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙላት። ደንቡ ዛሬ ይነገራት፣ ምክንያቱም ይነገራት። የ13 ዓመት ልጅ ምክንያት ሲነገራት ባትወድም ትሰማለች።

ሽሮፑን ግን ከቤትዎ አያስገቡ። ጎረቤትዎ የጠቆመችዎ ምን እንደሆነ አልጻፉልኝም። በተለምዶ «ለእንቅልፍ» እየተባለ ለልጅ የሚሰጠው የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒት ነው። ያደነዝዛል እንጂ ጤናማ እንቅልፍ አያመጣም። በማግስቱ ጠዋት ልጁ ፈዞ ይውላል። አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ በተቃራኒው ያቁነጠንጠዋል። መጠኑ ከበዛ ደግሞ ልብንና አተነፋፈስን ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማስተኛ ብሎ መስጠት አደገኛ ነው፤ በዚህ አልደራደርም።

ወደ ትንሹ ልጅ ልምጣ። «ሆዴን» ሲል ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያስባል፦ ወይ ታሟል፣ ወይ ይዋሻል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም። ፍርሃት የልጅን ሆድ በእውነት ያማል። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተያያዙ ስለሆኑ ልጁ ሕመሙን እየፈጠረው አይደለም፣ እየተሰማው ነው። ምልክቱ ይታወቃል። ሕመሙ የሚመጣው ጠዋት ወይም ትምህርት ቤት ሲነሳ ነው፣ እምብርቱ አካባቢ ነው፣ ሲጫወት ይረሳዋል፣ ቅዳሜና እሑድ የለም። መስከረም በገባ ቁጥር እንዲህ ያለው ሆድ ሕመም ይበዛብናል፤ አብዛኛው ያለ መድኃኒት ያልፋል።

ለሐኪም የሚያሳዩት ግን ሕመሙ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ከቀኝ በኩል ወደ ታች ከሆነ፣ ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ፣ ወይም እየከሳ ከሄደ ነው። ያኔ የትምህርት ቤት ፍርሃት ነው ብለው አይጠብቁ።

ሌላም የሚረሳ ምክንያት አለ፦ የትምህርት ቤት ሽንት ቤት። ትንሽ ልጅ ሽንት ቤቱን ከፈራ፣ ከቆሸሸበት ወይም ለመጠየቅ ካፈረ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል። ሰገራ ሲያዝ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያማል፣ ሲያም ደግሞ ይበልጥ ይይዘዋል። ሽንት መያዙም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን አስቀድመው ይዘውት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያሳዩት ክፍሉን ሳይሆን ሽንት ቤቱን ይሁን። እንዴት ፈቃድ እንደሚጠየቅ ያለማምዱት። ሱሪውን ብቻውን መፍታትና መቆለፍ ይችላል? አስቸጋሪ ቀበቶ ካለው ላስቲክ ያለውን ይግዙ። ጠዋት ከቁርስ በኋላ አምስት ደቂቃ ሳይቸኩል የመቀመጥ ልማድ ይኑረው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንቃቱ ለዚህም ይጠቅማል።

ሰርቪሱም አዲስ ነገር ነው። ሾፌሩንና ረዳቷን በስም ይወቃቸው፣ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ በእግር ይዘውት ይሂዱ። ቢቻል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ትምህርት ቤት በር ድረስ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይሸኘው። ስንብቱ አጭር ይሁን። ተደብቀው አይጥፉ፣ «አሁን መጣሁ» ብለው አይዋሹት። «ከምሳ በኋላ ሁለት ትምህርት ትማራለህ፣ ከዚያ አያትህ በር ላይ ትጠብቅሃለች» ይበሉት። ትንሽ ልጅ ሰዓት አይቆጥርም፣ የሚከተለውን ነገር ግን ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ ማስፈራሪያው ነው። «ቆይ ለመምህርህ ነው የምነግርልህ» የሚባለው ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በክረምት መምህሯን ጅብ አድርገንለት በመስከረም እቀፋት ማለት አይሆንም።

ጠዋት «ሆዴን» ካለና ከላይ ያልኳቸው ምልክቶች ከሌሉ ይሂድ። «እንደሚያምህ አምናለሁ፣ ክፍል ስትገባ ይሻልሃል» ብለው ይላኩት። አንድ ቀን ቤት ካስቀሩት የሁለተኛው ቀን ይከብዳል፣ የሦስተኛው ይበልጥ። የግድ ከቀረም ቤቱ አሰልቺ ይሁን፤ ካርቱን የለም፣ ስልክ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልቀነሰ መምህሯን ያነጋግሩ። የሚመታው ወይም የሚያሾፍበት ልጅ መኖሩን፣ ሰርቪስ ውስጥ የሚሆነውን ይጠይቁ። ወሩ ካለቀ በኋላም እምቢታው ከቀጠለ የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያየው።

«የአእምሮ ቫይታሚን» የሚባለውን ገንዘብዎን አያጥፉበት። ደህና የሚበላን ጤናማ ልጅ ጎበዝ የሚያደርግ ቫይታሚን የለም። ልጁ የገረጣ ከሆነ፣ ቶሎ ከደከመው፣ ወይም አፈር መብላት ካማረው ግን የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። በግምት የአይረን ኪኒን አይስጡ። ሐኪም አዝዞ ቤት ውስጥ ካለም ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ በብዛት የተዋጠ አይረን ሕፃን ልጅን ሊገድል ይችላል።

የቫይታሚኑ ገንዘብ ለቁርስ ይሁን። ዳቦ በሻይ የሚባለው ቁርስ ድክመቱ ሁለት ነው። ዳቦው ብቻውን ረሃብን ለረጅም ሰዓት አይዝም፣ ሻዩ ደግሞ በምግብ ውስጥ ያለው አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። ከሻይ ይልቅ ወተት ወይም አጥሚት ቢሆን፣ ከዳቦው ጋር እንቁላል ቢጨመር፣ ወይም ቂንጬ፣ በሶ፣ የአጃ ገንፎ ቢሆን ይሻላል። ምሳ ዕቃው ውስጥም የሚያውቀውን ምግብ ይጨምሩለት፣ ክዳኑን ብቻውን መክፈት መቻሉንም ይሞክሩት። ያልተከፈተ ምሳ ዕቃ ይዞ የሚመለስ ልጅ ሁልጊዜ ምግብ የጠላ አይደለም።

አስጠኚው ይቅር። ቢያንስ አሁን። 1ኛ ክፍል ያልገባን ልጅ የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ማስጠናት ክፍሉን እንዲሰለች ከማድረግ በቀር ብዙ ጥቅም የለውም። በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ጮክ ብለው ያንብቡለት። ልጅቷ ታንብብለት ቢሉ ደግሞ ለሁለቱም ይሆናል፤ በክረምት የሚረሳው አንዱ ማንበብ ነውና። እሷ በየትኛው ትምህርት እንደምትደክም ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ይታወቃል። ያኔ ለዚያ ትምህርት ብቻ አስጠኚ መቅጠር ይቻላል።

ስለ ብድሩ። ለደብተርና ለቦርሳ ብለው አይበደሩ። መስከረም በዓልና ትምህርት በአንድ ሳምንት የሚገጣጠሙበት ወር ነው፣ ሻጩም ይህን ያውቃል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚያስፈልገው ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ጥቂት ደብተርና እርሳስ ነው። ቀሪውን መምህራኑ በመጀመሪያው ሳምንት ይነግሯቸዋል፤ «ባለ 50 ሉክ አይደለም፣ ባለ 32 ነው» የሚባለው ያኔ ነው። ያምናው ቦርሳ ካልተቀደደ ይታጠብ። ቦርሳው ከነዕቃው ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ልጁ 22 ኪሎ ከሆነ ከ3 ኪሎ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ውሃና ምሳ ዕቃ ብቻ ግማሹን ይወስዳሉ፣ ስለዚህ የዕለቱን ደብተር ብቻ ይያዝ። ጫማውን «እንዲያድግበት» ብለው ሁለት ቁጥር አያስበልጡት። ከአውራ ጣቱ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ካለው ይበቃል። በበጀት የከበደዎት የትምህርት ቤቱ ክፍያ ራሱ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርምና ደብተር እንደሚሰጥ፣ ለትንንሾቹ ምገባ እንዳለ አይርሱ። የግል ትምህርት ቤት በብድር ማስተማር ግዴታ አይደለም።

ገንዘብ ካለዎት ለአንድ ነገር ያውጡት፦ ለዓይን ምርመራ። በተለይ ለልጅቷ። ሩቅ ማየት አለመቻል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትምህርት ዕድሜ ነው፣ ልጆች ደግሞ አይናገሩም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ ይመስላቸዋል። ዓይኗን እያጨናበሰች የምታይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጥ ወይም ከሰሌዳ ስትገለብጥ የምትሳሳት ከሆነ መስከረምን አይጠብቁ።

ስለዚህ ነገ የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅቷን 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ይቀስቅሷት፣ ደጅ ትውጣ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ የሁላችሁም ስልክ ይሰካ። ትንሹንም በዚያው ልክ ያስቀድሙት። ትምህርት ቤቱን ማሳየት፣ ዓይን ማስመርመር፣ ጫማ መግዛት በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ይደርሳሉ።

ይህ ሁሉ የማይፈታው አንድ ሁኔታ አለ። ከሁለቱ አንዳቸው በየሌሊቱ የሚያንኮራፉ ከሆነ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚተኙ ወይም በእንቅልፍ መካከል ትንፋሻቸው ቆም እያለ የሚመለስ ከሆነ፣ አሥር ሰዓት ተኝተውም ደክመው ይነሳሉ። በልጅ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቶንሲል ወይም ከአፍንጫ በስተጀርባ ካለ ዕጢ ማበጥ ነው፤ ሕክምናም አለው። ሌሊት ተነስተው አንድ ሁለት ደቂቃ በስልክዎ ይቅረጹትና ለአንገት በላይ ሐኪም ያሳዩት።